አምስት ኮርስ፣ አምስት ዓይነት አጠናን፦ ወሎ ለተመደባችሁ አዲስ ተማሪዎች

አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ብትቆሙ ወዲያው ትለዩዋቸዋላችሁ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዘዋል። ከቆላ የመጡትን ገና ከመኪና ሲወርዱ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንታቸው ድረስ ይገባል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን አስጠንቻለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመጡ የሚሉኝ ነገር አንድ ነው፦ «ኮርሱ በዛብኝ፤ የቱን ልያዝ?»

ኮርሱ በዝቶ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ስለያዙት ነው። 12ኛ ክፍልን ያለፉበት መንገድ አላቸው፤ ሃንድአውቱን ይዞ እስኪሸመደድ ድረስ መቸከል። ይህ አያያዝ ሳይኮሎጂ ላይ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ሎጂክ ላይ መሀል ላይ ጥሎ ይጠፋል። ፕሮግራሚንግ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

ስለዚህ እንግሊዝኛውን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ሎጂኩን፣ ቢዝነሱንና ፕሮግራሚንጉን አንድ በአንድ እንየው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ቱሉ አውሊያ ብትመደቡ ኮርሶቹ ያው ናቸው። ፕሮግራሚንጉ እንደ ትምህርት ዘርፋችሁ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አብሽሩ፣ ሁሉም ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ምሽት ለወረቀት ሥራ ስጡ

ክፍል በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የየኮርሱን አውትላይን (የኮርሱን ዕቅድ የያዘውን ወረቀት) ያዙ። መምህሩ ካልሰጠ በሴክሽን ተወካያችሁ በኩል አስጠይቁ። ከአውትላይኑ ላይ ሦስት ነገር ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ፦ ክሬዲት ሰዓቱን (የኮርሱን ክብደት)፣ ማርኩ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ምዕራፎቹ ስንት እንደሆኑ።

ማርኩን ስታዩ ልብ በሉ። ብዙ መምህራን ከመቶው ግማሹን ያህል ከፋይናል በፊት ይጨርሱታል፤ በኩዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድ። «ፋይናል ላይ እክሰዋለሁ» የሚል ልጅ ግማሹን ሜዳ ሳይረግጥ የሚሮጥ ነው። ባለ 5 ማርክ ኩዊዝ ትንሽ ይመስላል። ሰሚስተሩ ሲያልቅ ግን በቢ እና በቢ ፕላስ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ እሷው ሆና ትገኛለች።

አሁን ጂፒኤ፣ ማለትም የሰሚስተሩ አማካይ ውጤት፣ እንዴት እንደሚወጣ በእጃችሁ አንዴ ሥሩት። እያንዳንዱ ኮርስ 3 ክሬዲት ነው እንበል። እንግሊዝኛ ኤ ማይነስ (3.75)፣ ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ሎጂክ ቢ (3)፣ ቢዝነስ ኤ (4)፣ ፕሮግራሚንግ ሲ ፕላስ (2.5) አመጣችሁ። እያንዳንዱን በ3 አባዙና ደምሩት፤ 50.25 ይሆናል። ለ15 ክሬዲት ስታካፍሉት 3.35 ነው። ፕሮግራሚንጉ ብቻ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ቢወጣ 3.45 ይሆን ነበር። ይህን ስሌት አንዴ በእጁ የሠራ ተማሪ የሚፈራውን ኮርስ ትቶ የሚወደውን ብቻ አያነብም። ከፍ የማድረጊያው ቦታ የሚፈራው ኮርስ ላይ እንደሆነ በቁጥር አይቶታል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ወሎ መጥታችሁ ቡና ሳይጠሯችሁ አትከርሙም። ሲጠሯችሁ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሳት ነውር እንደሆነም ትማራላችሁ። እኔ ክለሳን የማስተምረው በዚሁ ነው።

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በራሱ ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምረቶች እየሸመደደ ስንቱን እንደሚረሳ ቆጠረ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ መርሳት በጣም የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ፋይናል ሲደርስ ማንሳት ከፈሰሰ በኋላ ማሰሮ መፈለግ ነው።

አቦል፦ የተማራችሁ ዕለት ማታ 15 ደቂቃ። ቶና፦ በሦስተኛው ቀን 10 ደቂቃ። በረካ፦ በሳምንቱ 10 ደቂቃ። በሦስቱም ጊዜ ደብተሩን ዘግታችሁ ጀምሩ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፤ የምታውቁት ያስመስላችኋል። ደብተር ዘግቶ መጻፍ ያስጨንቃል፤ የሚቀረው ግን እሱ ነው። በሌላ ቀለም የሞላችሁት ደግሞ ከሚድ በፊት የምታነቡት ሾርት ኖት ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዝኛ

እዚህ ብዙ ልጆች ያፍራሉ። የገጠር ትምህርት ቤት ተምረው እንግሊዝኛውን በአማርኛ ሲተረጎምላቸው ያደጉ አሉ። ከከሚሴ ወይም ከባቲ በኩል የመጡ ደግሞ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋቸው ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ልጆች የምለው አለኝ፦ እናንተ ቋንቋ መማር ምን እንደሆነ ከሌላው በፊት ታውቃላችሁ። አንዴ ሠርታችሁታል።

ኮርሱ ሰዋስው ብቻ አይደለም። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ በየምዕራፉ አሉ። እንዲህ ሞክሩት።

በቀን አንድ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ዶርም ውስጥ ካፈራችሁ ከዶርም ውጡ። ከገጹ አምስት ቃል ብቻ ውሰዱ። ቃሉን ብቻውን ከትርጉሙ ጋር አትጻፉት፤ የነበረበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ገልብጡ። ከሥሩ ስለ ራሳችሁ ሕይወት በዚያ ቃል ሌላ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ስትጽፉ አማርኛው የሚጎትታችሁን ቦታ እወቁት። ሁለቱን ብቻ ላሳያችሁ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ። ሌላው ደግሞ የተደበቀ ባለቤት ነው። «መጣች» ስንል ማን እንደመጣች በውስጡ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ሺ» ሳይል «ኬም» አይልም። ያስጠናኋት አንዲት የኩታበር ልጅ አንድ አንቀጽ ጽፋ አምጥታ ነበር። ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ አምስቱ ባለቤት የላቸውም። ሰዋስው አልሠራንም። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ማን?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን ግስ ፊት አስቀምጪው አልኳት። በሳምንቱ ያመጣችው አንቀጽ ላይ አንድ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ረዳት ግሶችን ደግሞ አደራ። «ካን» ይችላል ነው፤ «መስት» ግዴታ ነው። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ይሂድ። ውጫሌን ያገኛል። በዚያው በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። ያ የአንድ ግስ ልዩነት አድዋ ድረስ ሄዷል።

ሳይኮሎጂ

ይህ ኮርስ ደስ የሚል ነው፤ ስለ ራሳችሁ ስለሆነ። ወጥመዱም እዚያው ነው። ስታነቡት ሁሉም የሚገባ ይመስላል፤ ምርጫ ሲመጣ ግን ሁለት ቃላት ይቀላቀላሉ።

ስሞቹን በጥንድ ያዙ። ዉንት ከ1879ኙ የላይፕሲግ ላቦራቶሪ ጋር፣ ፓቭሎቭ ከውሻውና ከደወሉ ጋር፣ ስኪነር ከሽልማትና ከቅጣት ጋር፣ ማስሎው ከፍላጎት ደረጃዎች ጋር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ከራሳችሁ ቀን አንድ ምሳሌ ፈልጉ።

ለምሳሌ የፓቭሎቭን። ስኒ ረከቦት ላይ ሲንኳኳ ስትሰሙ፣ ቡናው ሳይቀዳ አፋችሁ ምራቅ ይሞላል። ምራቅ የሚያመጣው መጀመሪያ ቡናው ነበር። ድምፁ ከቡናው ጋር ብዙ ጊዜ ስለመጣ አሁን ብቻውን ይሠራል። በሉ አሁን የትኛው የተለማመደ፣ የትኛው ያልተለማመደ ማነቃቂያ እንደሆነ ራሳችሁ ጻፉት።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚስተው «ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚለውን ነው። ኔጌቲቭ ሲባል ቅጣት ይመስላቸዋል። አይደለም። ደሴ በረዳችሁ፤ ጋቢ ደረባችሁ፤ ብርዱ ሄደ። ነገም ሲበርዳችሁ ጋቢውን ትፈልጋላችሁ። የሚያስጠላው ነገር ተነሳ፤ ስለዚህ ድርጊቱ ጨመረ። ቅጣት ድርጊቱን ይቀንሳል፤ ይህ ግን ያበዛል። ጋቢውን ያስታወሰ ጥያቄውን አይስትም።

ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ፍልስፍና ነው፤ ሜታፊዚክስ፣ ኤፒስቲሞሎጂ፣ አክሲዮሎጂ። ስሞቹ ያስፈራሉ፤ ጥያቄዎቹ ግን አያቶቻችን ቡና ላይ የሚያነሷቸው ናቸው። ያለ ነገር ምንድን ነው? ያወቅነውን እንዴት አወቅነው? ዋጋ ያለው ምንድን ነው? ይህን ምዕራፍ አንብቦ መያዝ ይቻላል።

ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን ሙያ ነው፤ በመሥራት እንጂ በማንበብ አይመጣም።

የመጀመሪያ ሥራችሁ መደምደሚያውን መፈለግ ነው። አንድ አንቀጽ ሲሰጣችሁ «ይህ ሰው ምን እንድቀበለው ነው የሚፈልገው?» በሉ። እሱን አስምሩበት። ከዚያ «ለምን?» በሉ፤ የሚመልሱት ዓረፍተ ነገሮች መነሻ ሐሳቦቹ ናቸው። «ዜርፎር» እና «ቢኮዝ» የሚሉ ቃላት መንገድ ያሳያሉ። «ሲንስ» ግን አንዳንዴ ምክንያት፣ አንዳንዴ ጊዜ ነው፤ ተጠንቀቁት።

ሁለተኛው «ቫሊድ» እና «ሳውንድ» የሚባሉትን መለየት ነው። ይህን አስጠንቼ የጨረስኩት በሁለት ምሳሌ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው።

አንደኛው፦ የወሎ ከተሞች ሁሉ ቆላ ናቸው። ደሴ የወሎ ከተማ ናት። ስለዚህ ደሴ ቆላ ናት።

ሁለተኛው፦ አንዳንድ የወሎ ከተሞች ደጋ ናቸው። ደሴ የወሎ ከተማ ናት። ስለዚህ ደሴ ደጋ ናት።

የትኛው ነው ቫሊድ? ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እውነት ነዋ፣ ብርዱን ቀምሶታል። መልሱ አንደኛው ነው። መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ኖሮ መደምደሚያው የግድ እውነት ይሆን ነበር። ቅርጹ ጤነኛ ነው። የመጀመሪያው መነሻ ሐሰት ስለሆነ ግን ሳውንድ አይደለም። ሁለተኛው ሁሉም ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ከመነሻዎቹ አልተወለደም። ደሴን አውጥታችሁ ኮምቦልቻን አስገቡበት፤ መነሻዎቹ እውነት እንደሆኑ መደምደሚያው ይወድቃል። ይህ ስም የመቀያየር ዘዴ በፈተና ላይ ብዙ ያድናችኋል። ቅርጹን ሳትነኩ ስሞቹን ብቻ ለውጡና መነሻው እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት የሚሆንበትን ፈልጉ። አንድ ካገኛችሁ ቫሊድ አይደለም።

ሦስተኛው ፋላሲዎቹ፣ ማለትም የተሳሳቱ አመክንዮዎች፣ ናቸው። ብዙ ናቸው፤ ዝርዝሩን የሸመደደ ልጅ ፈተና ላይ ስሙን ያስታውስና የት እንደሚገጥም ይጠፋዋል። ትንሽ ደብተር በኪሳችሁ ያዙ። በታክሲ፣ በካፌ ሰልፍ፣ በፌስቡክ የሰማችሁትን መዝግቡ። «እሱ ራሱ ያጨስ የለ፣ ስለ ሲጋራ ጉዳት ምን ያወራል?» ይህ አድ ሆሚነም ነው፤ ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን አልመለሰም። «ማታ ሙዚቃው ይቀነስ» ስትሉ «ሰው አይዝናና ነው የምትለው?» ካሏችሁ ስትሮ ማን ነው፤ ያላላችሁትን ብላችኋል ብሎ መመለስ። «የዚያ አገር ልጅ ሁለት አይቻለሁ፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው» ካለ ሄስቲ ጄኔራላይዜሽን። በሳምንት አምስት ብትይዙ እስከ ሚድ ዝርዝሩ በራሱ ገብቷችኋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህን ደብተር የራሳችሁን ንግግርም መዝግቡበት። እንደ እኛ ብዙ ዓይነት ሰው አብሮ በሚኖርበት አገር ይህ ኮርስ ከግሬድ በላይ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

ቢዝነስ

ኮርሱ አንተርፕርነርሺፕ ነው። ትርጉሞቹን በአቦል፣ ቶና፣ በረካ ያዙ። ማርኩን የሚወስነው ግን የቡድን ቢዝነስ ፕላኑ ነው። ቡድን ስትመሠርቱ ከዶርም ጓደኞቻችሁ ጋር ብቻ አትሁኑ፤ ሒሳብ የሚወድ አንድ፣ መጻፍ የሚችል አንድ፣ ፊት ወጥቶ የሚናገር አንድ ይኑር።

ሐሳቡን ከኢንተርኔት አታምጡ። ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ውጡ። አንድ የምትሸጥ እናት አጠገብ ቁሙ፣ ትሁት ሁናችሁ ጠይቁ፦ እቃው ከየት ይመጣል? ካልተሸጠ ምን ይሆናል? የሐይቅ ዓሣ ደሴ እስኪደርስ ምን ያህል ይበላሻል? መምህሩ እንዲህ ያለ ፕላን ሲያነብ ከሌላው ይለየዋል።

ቁጥሩን ሳትፈሩ አስገቡ። ግቢ በር ላይ የጀበና ቡና ልትሸጡ ነው እንበል። የወር ኪራይና ሌላ ቋሚ ወጪ 4,000 ብር። አንድ ስኒ በ20 ብር ይሸጣል፤ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ 12 ብር ይፈጃል። ከአንድ ስኒ 8 ብር ይተርፋል። 4,000 ለ8 ሲካፈል 500 ስኒ። በወር 500 ስኒ ካልሸጣችሁ እየከሰራችሁ ነው። በ25 የሥራ ቀን በቀን 20 ስኒ ማለት ነው። አሁን «ይቻላል?» ብላችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ሰው ቁጠሩ።

ፕሮግራሚንግ

ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲሰጠው ምን እንደሚሰማው አይቻለሁ። አጠገቡ ያለው ልጅ በፍጥነት ሲጽፍ እሱ ሴሚኮለኗን ኪቦርዱ ላይ ይፈልጋል። ኪቦርዱ በወር ይለመዳል። ማሰቡ ደግሞ ኮምፒውተር አይፈልግም። መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ፕሮግራሚንግ ማጥናት ይቻላል፤ በእርሳስና በወረቀት።

ቫሪያብል ስኒ ነው። ስም አለው፣ ውስጡ አንድ ነገር ይይዛል። በአንዱ ስኒ ቡና፣ በሌላው ሻይ አለ። አቀያይሯቸው ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? ሦስተኛ ባዶ ስኒ ታመጣላችሁ። ፈተና ላይ የሁለት ቫሪያብል ዋጋ መቀያየር ሲመጣ መልሱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሉፕ፤ አንድን ትእዛዝ እየደጋገመ የሚያስኬድ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ተከተሉኝ፦

ድምር = 0
ስኒ ከ1 ጀምሮ፣ ከ3 እስካልበለጠ ድረስ፣ በ1 እየጨመረ፦
ድምር = ድምር + ስኒ

ሁለት ዓምድ ሥሩ፤ አንዱ «ስኒ»፣ አንዱ «ድምር»። ስኒ 1 ሲሆን ድምር 1። ስኒ 2 ሲሆን ድምር 3። ስኒ 3 ሲሆን ድምር 6። ከዚያ ስኒ 4 ይሆናል፤ «ከ3 አልበለጠም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በልጧል፤ ሉፑ ያልቃል። «መጨረሻ ላይ የስኒ ዋጋ ስንት ነው?» ሲባል ብዙው 3 ይላል። 4 ነው። በዓምድ የሠራ ልጅ አይሳሳትም፤ በዓይኑ የገመተ ይሳሳታል። በየቀኑ አንድ ሉፕ እንዲህ በእጃችሁ ተከተሉ።

ሦስት ወጥመዶችን ከወዲሁ እወቁ። = ዋጋ መስጫ ነው፤ == ማወዳደሪያ ነው። «ኢፍ» ውስጥ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡ ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ መልሱ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ሲ ፕላስ ፕላስ ክፍልፋዩን ይጥለዋል። 85 እና 90 ደምራችሁ ለ2 ብታካፍሉ 87.5 ሳይሆን 87 ይወጣል። ለ2.0 አካፍሉት። ሦስተኛ፣ ሃያ ስህተት ቢዘረዘርላችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያውን ብቻ አርሙና እንደገና አስኪዱት፤ ብዙ ጊዜ የቀሩት አብረው ይጠፋሉ። መስመሩ ልክ ከመሰላችሁ ደግሞ ከበላዩ ያለውን እዩ፤ ሴሚኮለኗ የጎደለችው እዚያ ይሆናል።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ስልክ ላይ የሚሠራ ኮምፓይለር (የጻፋችሁትን ኮድ ተርጉሞ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጫኑ። ላብ ስትገቡ ደግሞ ማታ በወረቀት የጻፋችሁትን ይዛችሁ ግቡ። ላብ ውስጥ ማሰብ የጀመረ ሰዓቱ ያልቅበታል። ከጓደኛ ኮድ አትቅዱ። ለአሳይመንቱ ያገለግል ይሆናል፤ ፋይናሉ ግን በወረቀት ነው፣ ብቻችሁን ናችሁ።

ሳምንቱንና ፈተናውን ስትይዙ

ፕሮግራሚንግና ሎጂክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይፈልጋሉ፤ ግማሽ ሰዓትም ይበቃል። እንግሊዝኛም እንዲሁ። ሳይኮሎጂን በሳምንት ሁለቴ ረዘም አድርጋችሁ ያዙት። ቢዝነሱን ለቡድኑ ቀጠሮ ተዉት። ጭንቅላታችሁ ትኩስ በሆነበት ሰዓት የምትፈሩትን ኮርስ፣ ሲደክማችሁ የምትወዱትን።

የፋይናል ሳምንት እንቅልፍ አትቁረጡ። ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ሎጂክ ላይ «ኦል» እና «ሳም» ይምታታበታል። ፕሮግራሚንግ ፈተና ላይ እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ግቡ፤ የዓምድ ሠንጠረዡን ከጥያቄው ጎን ሥሩት፣ አታጥፉት። መልሱ ቢሳሳት እንኳ መምህሩ አካሄዳችሁን አይቶ ከፊል ማርክ ሊሰጥ ይችላል።

ግሬድ ሲለጠፍ ካልገባችሁ ዝም አትበሉ። የፈተና ወረቀታችሁን ለማየት ቶሎ፣ በትሕትና ጠይቁ፤ ጊዜው አጭር ነው። መጀመሪያ ማርኩን ራሳችሁ ደምሩት፤ ድምር ላይ ስህተት ያገኙ ልጆች አሉ። ከዚያ የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ቁጥርና ምዕራፋቸውን ጻፉ። ሁለተኛ ሰሚስተር ሲከፈት የመጀመሪያው ምሽት የሚጀምረው በዚያ ወረቀት ነው።